የድመት ምላስና የውዱእ ውሃ

(በሬድዮ ከቀረበ ንግግር ለመጽሔት አንባብያን የተዘጋጀ)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን።

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ርዕሳችን ከቤታችን የሚርቅ አይደለም። የመግሪብ አዛን ሊል ጥቂት ሲቀረው በብዙ ቤቶች የሚያጋጥም ነገር ነው። ለውዱእ የተቀዳ ውሃ በሳህን ተቀምጧል። ባለቤቱ ፎጣ ሊያመጣ ዞር ሲል የቤቱ ድመት ቀስ ብላ ትመጣና አንገቷን ዘርግታ ትጠጣለች። ልጆች ያዩና «እማ! ውሃውን ድመቷ ጠጣችው!» ብለው ይጮኻሉ። አንዱ «ድፉት» ይላል። ሌላው «ምንም አይደለም፣ ድመት ነጃሳ አይደለችም» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ከሆነ ቦታ የሰማውን ይዞ «የድመት ምላስ ምንም ጀርም እንደሌለው በሳይንስ ተረጋግጧል» ብሎ ይጨምራል።

ከሦስቱ ማን ነው ትክክል? ይህን ለመመለስ ሁለት ጉዞ እንጓዛለን። የመጀመሪያው ወደ ኋላ፣ ወደ መዲና ቤቶች ነው። ሁለተኛው የዘመናችን ተመራማሪዎች የድመትን ምላስ በካሜራ ወደተመለከቱበት ክፍል ነው። በመጨረሻም ወደየቤታችን እንመለሳለን፤ ኢንሻአላህ።

በአቡ ቀታዳ ፊት የቀረበው ዕቃ

አቡ ቀታዳ አል-አንሷሪ (ረ.ዐ.) በፈረሰኛነታቸው የታወቁ ሶሐባ ናቸው። በጦር ሜዳ ስማቸው የገነነ እኚህ ሰው አንድ ቀን ወደ ልጃቸው ሚስት ቤት ገቡ። የልጃቸው ሚስት ከብሻ ትባላለች፤ የሶሐባው ገጣሚ የከዕብ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) ልጅ ናት። ከብሻም እንደ ደንቡ ለአማቷ የውዱእ ውሃ ቀዳችላቸው። በዚህ መሐል አንዲት ድመት ልትጠጣ መጣች። አቡ ቀታዳ አላባረሯትም፤ ዕቃውንም አላነሱባትም። ይልቁንም ጠጥታ እስክትጨርስ ድረስ ዕቃውን አዘንብለው ያዙላት።

ከብሻ በመገረም ታያቸው ነበር። እርሳቸውም ይህን ሲያስተውሉ የወንድሜ ልጅ ብለው ጠርተው፣ ተገርማ እንደሆነ ጠየቋት። አዎን አለች። ያን ጊዜ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የሰሙትን ነገሯት፦ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በእናንተ ላይ ከሚዞሩት፣ ገባ ወጣ ከሚሉት መካከል እንደምትቆጠር።

ይህን ዘገባ ኢማም ማሊክ በሙወጦእ፣ እንዲሁም አቡ ዳውድ፣ ቲርሚዚ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ መዝግበውታል። ቲርሚዚ ሐሰን ሶሒሕ ብለውታል። እዚህ ላይ እህቶቻችን በተለይ አንድ ነገር ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን። ከብሻ ያየችውን የተረከችላት ሴት ሑመይዳ ትባላለች። ማለትም ዛሬ በዓለም ዙሪያ ሙስሊሞች ውሃቸውን ሳይደፉ ውዱእ የሚያደርጉበት ይህ ዕውቀት ከቤት ውስጥ ወጥቶ በሁለት ሴቶች አንደበት ተላልፎ የደረሰን ነው። ያየችውን ተገርማ ያልዘነጋች አንዲት ምራት ባትኖር ኖሮ ይህ ዘገባ በዚህ መንገድ ባልደረሰን ነበር።

ሌላም ዘገባ አለ፤ እርሱም በሴት በኩል የመጣ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት አንዲት ሴት ከእመቤቷ ተልካ ለእናታችን ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሀሪሳ ይዛ ሄደች። ሀሪሳ ከስንዴና ከሥጋ የሚሠራ ገንፎ መሰል ምግብ ነው። ዓኢሻ ሶላት ላይ ነበሩና እንድታስቀምጠው በምልክት አመለከቷት። ድመት መጣችና ከምግቡ በላች። እናታችን ሶላታቸውን ሲጨርሱ ድመቷ ከበላችበት ከዚያው ቦታ በሉ። ከዚያም ያንኑ የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል ጠቀሱ፤ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ.) ድመት ባስተረፈችው ውሃ ውዱእ ሲያደርጉ ማየታቸውን ተናገሩ።

ዑለማዎች ስለ ምላሷ ምን አሉ?

ከዚያ በኋላ የመጡት የፊቅህ ሊቃውንት ጉዳዩን በጥንቃቄ መረመሩት። የፊቅህ መጻሕፍት ድመት ጠጥታ ያስተረፈችውን ውሃ ለብቻው ርዕስ ሰጥተው ያነሱታል። ኢማም ማሊክ፣ ኢማም ሻፊዒይና ኢማም አሕመድ ውሃው ጧሒር ነው፣ ውዱእ ይደረግበታል አሉ። ኢማም አቡ ሐኒፋ ይፈቀዳል፣ ነገር ግን ሌላ ውሃ እያለ መጠቀሙ የተጠላ ነው አሉ። ተማሪያቸው አቡ ዩሱፍ ደግሞ የተጠላም አይደለም በማለት ከመምህራቸው ተለዩ። በሀገራችን የሻፊዒያና የሐነፊያ መዝሀቦች በስፋት የሚታወቁ በመሆናቸው በአንዳንድ ቤት «ቢቀር ይሻላል»፣ በሌላው «ምንም አይደለም» ሲባል ብትሰሙ መነሻው ይህ ነው። ሁለቱም ወገን ግን ውሃው ነጃሳ ሆኗል አላለም።

ታዲያ ድመቷ አይጥ በልታ ወዲያው መጥታ ብትጠጣስ? ይህን ጥያቄም አላለፉትም። የሐነፊያው ሊቅ አል-መርጊናኒ (በ593 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1197 ያረፉ) አል-ሂዳያ በተሰኘው ሥራቸው ይህን ለይተው አስቀምጠውታል። አይጥ በልታ በዚያው ቅጽበት ከጠጣች ውሃው ይነጀሳል። ጥቂት ቆይታ ከሆነ ግን በምራቋ አፏን ስለምታጥብ አይነጀስም። በሻፊዒያ መዝሀብም ተመሳሳይ ውይይት አለ። ድመቷ አፏ ላይ ነጃሳ ከታየ በኋላ ከዓይን ተሰውራ ከተመለሰችና በመሐል አፏን ሊያጠራ ከሚችል ብዙ ውሃ ጠጥታ ሊሆን የሚችል ከሆነ፣ ውሃው ነጃሳ ሆነ አይባልም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስተውል። እነዚህ ሰዎች ማጉያ መነጽር አልነበራቸውም። ነገር ግን ድመትን በዓይናቸው ይከታተሉ ነበር። ድመት ከበላች በኋላ ምን እንደምታደርግ፣ ምላሷን በከንፈሯ ዙሪያ እንዴት እንደምታዞር፣ ስንት ጊዜ እንደምትቆይ አይተው ነው የጻፉት።

የፍርዱ ምክንያትስ? በሐዲሱ የተነገረው ምክንያት መዞሯ፣ ገባ ወጣ ማለቷ ነው። ቁርኣን በሱረቱ-ኑር ስለ ማስፈቀድ ሥርዓት ሲናገር በቤት ውስጥ ዘወትር ስለሚመላለሱት አገልጋዮችና ልጆች የተጠቀመበት ቃል ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። ድመትም እንደ ቤተሰብ ታየች ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዕቃ፣ በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ልንጠብቃት አንችልም። ነጃሳ ናት ቢባል ኖሮ ስንት ውሃ ይደፋ ነበር? ውሃ ብርቅ በሆነበት የመዲና ምድር፣ ወይም ዛሬ ከሩቅ ምንጭ በጀሪካን በሚቀዳበት በኛ ገጠር ስንት እናት ትቸገር ነበር? ዑለማዎች ችግር ባለበት ገርነት ይመጣል የሚለውን መርሕ ሲያስተምሩ ይህችን ድመት በምሳሌነት የሚጠቅሱት ስለዚህ ነው።

ስለ እንስሳት የጻፉ ሙስሊም ደራስያንም ድመትን አልዘነጓትም። የበስራው አል-ጃሒዝ (በ255 ሂጅራ ያረፈ) በታላቁ ኪታቡል-ሐየዋን ስለ ድመት ብዙ ገጽ ጽፏል። ከ500 ዓመታት በላይ ቆይቶ የግብጹ አድ-ደሚሪ (በ808 ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ1405 ያረፉ) እንስሳትን በፊደል ተራ የዘረዘሩበትን ሐያቱል-ሐየዋንን አዘጋጁ። ስለ አንድ እንስሳ ሲጽፉ ጠባዩን ከሸሪዓዊ ፍርዱ ጋር አያይዘው ያቀርቡ ነበር።

ምላሷ እንዴት ተሠራ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዞ እንሻገር። ድመት እጁን የላሰችው ሰው ምላሷ እንደሚሻክር ያውቃል። አናጺ እንጨት እንደሚያለሰልስበት ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ሻካራነቱ የሚመጣው በምላሷ የላይኛው ገጽ ላይ ከተደረደሩ ጥቃቅን እሾሆች ነው። የአንዲት የቤት ድመት ምላስ 290 ያህል እንዲህ ያሉ እሾሆች አሉት። የተሠሩትም ጥፍራችን ከተሠራበት ኬራቲን ከሚባለው ነገር ነው። ጫፋቸው ወደ ኋላ፣ ወደ ጉሮሮዋ አቅጣጫ የታጠፈ ነው። ድመት ከአጥንት ላይ ሥጋ የምትግጠውም በእነርሱ ነው።

ይሁን እንጂ ሰውን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ይኸውም ድመት ውሃ የምትጠጣው እንዴት ነው የሚል ነው። እኛ ስንጠጣ ከንፈራችንን ገጥመን እንስባለን። በግና ላምም እንዲሁ ያደርጋሉ። ድመት ግን ሥጋ ለመንከስ አፏን በሰፊው መክፈት ስላለባት ጉንጯ ወደ ፊት ሙሉ በሙሉ አይገጥምም። ስለዚህ መሳብ አትችልም፤ ያላት መሣሪያ ምላሷ ብቻ ነው። ምላሷ ደግሞ ለዓይናችን እጅግ ፈጣን ነው። ለዘመናት ሰዎች ምላሷን እንደ ማንኪያ አድርጋ የምትጠልቅ ይመስላቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚሠራው ሃሮልድ ኤጀርተን በፍጥነት ብልጭ በሚል መብራት ታግዞ የሚያነሣቸው ምስሎች በአንድ አጭር ፊልም ቀረቡ። የፊልሙ ርዕስ ከዓይን ጥቅሻ የፈጠነ የሚል ትርጉም አለው። ፊልሙ የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። በውስጡ ድመት ወተት ስትጠጣ ይታያል። ምስሉ ዝግ ሲል የታየው ሰው ከጠበቀው የተለየ ነበር። የምላሷ ጫፍ ወደ ኋላ፣ ወደ አገጯ ታጥፎ ነበር የሚወርደው።

ይህ ለ70 ዓመታት ያህል በዚሁ ቆየ። ከዚያ ሮማን ስቶከር የሚባል የዚያው ተቋም ተመራማሪ ቁርስ ላይ ተቀምጦ የቤቱ ድመት ኩታ ኩታ ስትጠጣ ያያል። ስሟ ከኛ ኩታ ጋር ቢመሳሰልም ግንኙነት የለውም። ስቶከር ይህ ነገር እንዴት ይሆናል ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከባልደረቦቹ ከፔድሮ ሬይስ፣ ከሰንግሁዋን ጁንግና ከጄፍሪ አሪስቶፍ ጋር ሆኖ፣ ድመቷ ውሃ እስኪጠማት በትዕግሥት እየጠበቁ በፈጣን ካሜራ ቀረጿት። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2010 ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ታተመ።

ያገኙት ይህ ነው። ድመት ምላሷን ውሃ ውስጥ አትነክርም። የታጠፈው ጫፍ የላይኛው ገጽ የውሃውን ፊት ነካ ብቻ ያደርጋል። ውሃው ለስላሳ በሆነው ጫፍ ላይ ይጣበቃል። ወዲያው ምላሷን በፍጥነት ወደ ላይ ስትስብ ውሃው ተከትሎ እንደ ቀጭን ዓምድ ይነሣል። ዓምዱን ወደ ላይ የሚገፋው የተሰጠው ፍጥነት ነው፤ ወደ ታች የሚጎትተው ደግሞ የመሬት ስበት ነው። ስበቱ አሸንፎ ዓምዱ ከመበጠሱ በፊት ድመቷ አፏን ገጥማ የላይኛውን ክፍል ታስቀረዋለች። ይህን በአንድ ሰከንድ ውስጥ 4 ጊዜ ያህል ትደግመዋለች። በእያንዳንዱ ጊዜ የምታገኘው ከአንድ ሚሊ ሊትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው። አገጯና ጢሟም አይርስም። ውሻ ግን ምላሱን እስከ ውስጥ ነክሮ በዙሪያው ውሃ ይረጫል።

ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። በምላስ ፈንታ ክብ የመስታወት ቁራጭ በመሣሪያ ከውሃ ላይ እያነሡ ፍጥነቱን ለካ ለካ አደረጉ። ድመት አፏን የምትገጥመው ብዙ ውሃ ልታገኝ በምትችልበት ቅጽበት አካባቢ ሆኖ አገኙት። አንበሳና ሌሎች ትላልቅ የድመት ዘመዶችም በዚሁ መንገድ ይጠጣሉ፤ ምላሳቸው ትልቅ ስለሆነ ግን ዝግ ብለው ነው።

አሁን ወደ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ.) ዕቃ እንመለስ። ድመት መሳብ አትችልም፤ ምላሷም የሚሠራው የውሃውን ፊት ከነካ ብቻ ነው። ጠለቅ ባለ ዕቃ ሥር ያለ ውሃ ለርሷ ሩቅ ነው። ዕቃው ሲዘነበል ግን ውሃው ወደ አፉ ይቀርብላታል። አቡ ቀታዳ የተጠማች ነፍስ ከውሃው ለመድረስ ስትቸገር ቢያዩ የሚያስፈልጋትን አደረጉላት። ይህን ለማድረግ ካሜራም ስሌትም አላስፈለጋቸውም።

ስሌቱን እኛ እናድርገው። በሰከንድ 4 ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ 0.1 ሚሊ ሊትር ከሆነ በሰከንድ 0.4 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። 60 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የቡና ሲኒ ለመጨረስ ድመት ሳታርፍ ብትጠጣ 2 ደቂቃ ተኩል ይፈጅባታል። ግማሽ ሲኒ እንኳ ቢሆን ከአንድ ደቂቃ በላይ ነው። ውሃ የያዘ ዕቃ አዘንብሎ፣ ሳያንቀሳቅሱ፣ ድመት እስክትጠግብ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ሶላት ሊሰግዱ የተዘጋጁት ፈረሰኛ ግን ጠብቀዋል።

ማበጠሪያና ማጠቢያ

የምላሷ ሥራ በመጠጣት አያበቃም። ድመት ከእንቅልፍ ነጻ ከሆነችበት ጊዜ እስከ ሩብ የሚደርሰውን ራሷን በመላስ ታሳልፋለች። በዚህ ላይ በአትላንታ የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች አሌክሲስ ኖኤልና ዴቪድ ሁ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ነገር አሳተሙ። ከቤት ድመት እስከ አንበሳ የ6 ዓይነት እንስሳትን ምላስ መረመሩ። ከዚያ በፊት እሾሆቹ ድፍን ናቸው ተብሎ ይታሰብ ነበር። እነርሱ ግን ጫፋቸው ላይ እንደ ጭልፋ የጎደጎደ ቦታ እንዳለ አገኙ። ይህ ጉድጓድ ምራቅን ከአፏ በራሱ ይስብና ድመቷ ስትልስ ከፀጉሩ ሥር ከቆዳዋ ድረስ ያደርሰዋል። ማበጠሪያና ማጠቢያ በአንድ ዕቃ ማለት ነው።

ጥቅሙ ጽዳት ብቻ አይደለም። ድመት እንደኛ በመላ ሰውነቷ አታልብም፤ ላቧ በዋናነት በመዳፏ ሥር ነው። በፀጉሯ ውስጥ ያለው ምራቅ ሲተን ያቀዘቅዛታል። ተመራማሪዎቹ እንደገመቱት ከሚያስፈልጋት ቅዝቃዜ እስከ አንድ አራተኛ የሚሆነውን በዚህ መንገድ ታገኛለች። በተቃራኒው ፀጉራቸው በጣም ረጅምና የተጎዘጎዘ የፋርስ ድመቶች እሾሆቹ ከቆዳቸው ስለማይደርሱ ባለቤታቸው ካላበጠራቸው ፀጉራቸው ይቋጠራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከምላሷ ጎድሏል። በፊላደልፊያ የሞኔል ማዕከል ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2005 እንዳሳወቁት ድመት ጣፋጭ ነገር አይጣፍጣትም። ጣፋጭነትን የሚቀበለውን አካል ከሚሠሩት ሁለት ጂኖች አንዱ በድመት ዘር ውስጥ አይሠራም። ስለዚህ ልጆቻችን ከረሜላ ሊያካፍሏት ሲሞክሩ አሽትታ ብትተወው ንቀት አይደለም። ወተት የምትወደውም ለስኳሩ ሳይሆን ለቅባቱና ለሌላው ጣዕሙ ነው። ያም ቢሆን ብዙ ያደጉ ድመቶች ወተት ሆዳቸውን ያስቀምጣቸዋልና ንጹህ ውሃ ይሻላቸዋል።

ሦስተኛው ሰው የት ላይ ተሳሳተ?

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ውሃው ይደፋ ያለው ሰው ተሳስቷል። ነጃሳ አይደለችም ያለው ትክክል ነው። የድመት ምላስ ጀርም የለውም ያለው ሦስተኛውስ?

ይህ ወሬ እስላማዊ ትምህርት ተብሎ በሰፊው ይሰራጫል። ሐዲሱን የሚደግፍ ስለሚመስል ብዙ ሰው ሳያጣራ ይቀበለዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የድመት አፍ እንደ ማንኛውም እንስሳ አፍ፣ እንደ እኛም አፍ፣ ባክቴሪያ አለበት። ፓስቱሬላ የሚባለው ባክቴሪያ በአብዛኞቹ ጤነኛ ድመቶች አፍ ውስጥ ይገኛል። ድመት ስትነክስ ጥርሷ ቀጭንና ሹል ስለሆነ ወደ ውስጥ ጠልቆ ይገባል፤ ቁስሉም በአንድ ቀን ውስጥ ሊያብጥና ሊያመረቅዝ ይችላል።

ታዲያ ሐዲሱ ተጋጨ ማለት ነው? በጭራሽ! ሐዲሱ ነጃሳ አይደለችም አለ እንጂ ጀርም የላትም አላለም። ነጃሳ ሸሪዓዊ ፍርድ ነው። ጀርም የሕክምና ጉዳይ ነው። ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ለውዱእ ጧሒር ነው፤ ሳይፈላ ቢጠጣ ግን ሊያሳምም ይችላል። በዚህ ወንዙን ነጃሳ ነው የሚል የለም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ምክንያቱን ራሳቸው ተናግረዋል፤ ምክንያቱም መዞሯ ነው። ታዲያ እኛ ሌላ ምክንያት ፈጥረን ለምን እንጨምርላቸዋለን?

ነገሩ ቀላል አይምሰለን። ዛሬ ለልጃችን «ሐዲሱ እውነት የሆነው የድመት ምላስ ጀርም ስለሌለው ነው» ብለን እናስተምረዋለን። ነገ ልጁ አድጎ በትምህርት ቤት በማጉያ መነጽር ጀርሙን ያየዋል። ያን ጊዜ የሚጠራጠረው የኛን ወሬ ብቻ ይሆን? ሐሰት ለሃይማኖት ምርኩዝ አይሆንም፤ የተደገፈበትን ይዞ ይወድቃል። በተመሳሳይ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙዕዛ የምትባል ድመት እንደነበረቻቸውና በልብሳቸው ላይ ስለተኛች እጅጌውን ቆርጠው እንደተነሡ የሚነገረው ታሪክ ደስ የሚል ቢሆንም በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ የለም። ለድመት ያላቸውን እዝነት ለመናገር ያ አያስፈልገንም። ድመት አስራ ሳታበላትም ሳትለቃትም ገድላ በዚያ ምክንያት ስለተቀጣችው ሴት የተነገረው ሐዲስ በቡኻሪና በሙስሊም አለልን።

ከዚህ ንግግር ወደ ቤት ይዘነው የምንሄደው ሦስት ነገር አለ።

አንደኛ፣ ድመት የነከሰችው ወይም ክፉኛ የቧጨረችው ልጅ ካለ «ድመት ንጹህ ናት» ብለን አንዘናጋ። የእብድ ውሻ በሽታ በሀገራችን ዛሬም አለ። በአብዛኛው ከውሻ ቢሆንም በታመመች ድመት ምራቅም ይተላለፋል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥበን ሳንውል ሳናድር ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው። ክትባቱ በጊዜው ከተሰጠ ሕይወት ያድናል። የተከፈተ ቁስልንም አናስልስ።

ሁለተኛ፣ ድመት ባለበት ቤት ክርና መርፌ ሜዳ ላይ አንተው። የምላሷ እሾሆች ወደ ጉሮሮ የታጠፉ ናቸውና አንዴ ክር ከያዘች መትፋት ያቅታታል፤ እየዋጠችው ትሄዳለች። ክሩ አንጀቷን ቆርጦ ሊገድላት ይችላል። በቤቷ የምትሰፋ እናት ይህን ታስብበት።

ሦስተኛ፣ ከቤተሰቡ ድመት ሲኖር የሚያስነጥሰው፣ ዓይኑን የሚያሳክከው ወይም አስም የሚያስነሳበት ሰው ካለ አናሹፍበት። ምክንያቱ በምራቋና በቆዳዋ ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ስትልስ በፀጉሯ ላይ ይቀራል፤ ሲደርቅም በአየር ይበተናል። ድመቷን ከዚያ ሰው መኝታ ክፍል ማራቅ ነውር የለውም። ነጃሳ አለመሆኗ ከጥንቃቄ አይከለክልም፤ ጥንቃቄውም ነጃሳ አያደርጋትም።

እንግዲህ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ የቤታችን ድመት ወደ ውዱእ ውሃችን ትመጣለች፤ መዞር ልማዷ ነውና። ያን ጊዜ ልጆቹ ሲጮኹ ቁጭ በሉና አብራችሁ ተመልከቱ። ምላሷ ውሃውን ነክቶ ሲመለስ ዓይናችሁ አይከተለውም። ጢሟ ግን ደረቅ ሆኖ ታዩታላችሁ። ውሃው ከራቃት ዕቃውን ትንሽ አዘንብሉላት። ከዚያም ከልጆቹ አንዱ ለምን እንዲህ እንዳደረጋችሁ መጠየቁ አይቀርምና የከብሻን ታሪክ ንገሩት።

አላህ (ሱ.ወ.) ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሰን። በእጃችን ላሉት ፍጥረታቱ አዛኞች ያድርገን። በትክክል የተናገርነው ከአላህ ነው፤ የተሳሳትነው ከራሳችን ነው። ወሏሁ አዕለም።